በአንድ ዓይን የተሳለ ሰው

ጥቅምት 12 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ይህን ደብተር የገዛሁት በጸሐፊነት ለማገለግላቸው ለቀኛዝማች በላቸው ሥራ ነበር። ወረቀቱ ለእሳቸው ሲበዛባቸው ጊዜ ለራሴ አስቀረሁት። ለእሳቸው ርካሹን እገዛለሁ፤ ማንበብ እንደሆነ አይችሉ።

ዛሬ ያንን የባቡር ሐዲድ ጌታ ፊልም ለአራተኛ ጊዜ አዩት። እኔ እንደ ወትሮዬ ከጎናቸው ተቀምጬ እተረጉማለሁ። የአንድ ፈረንጅ ሀብታም የሕይወት ታሪክ ነው። ከሰል ተሸካሚ ሆኖ ይጀምራል፣ ሸሪኩን ይክዳል፣ ሐዲድ ይዘረጋል፣ ሹማምንት ይሰግዱለታል፣ በመጨረሻ በትልቅ ቤት ብቻውን ይሞታል። ቀኛዝማች መጨረሻውን አይወዱትም። ሰውየው አልጋ ላይ ሲወድቅ ከዘራቸውን አንሥተው ይወጣሉ።

ዛሬ ሲወጡ ደጅ ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ሐብተ ማርያም፣ የኔም ይሠራልኝ።»

«ምኑ ጌታዬ?»

«ፊልም ነዋ! እኔ ከዚህ ከሰል ተሸካሚ በምን አንሳለሁ? እኔም ከበቅሎ ኋላ በእግሬ ስሮጥ ነው ያደግሁ። ዛሬ አራት ማኪና አለኝ። አንተ ትጽፈዋለህ፣ ካርሎ ያነሣዋል።»

ካርሎ ሲኒማ ቤቱን የሚያሠራው ጣሊያን ነው። ወገኖቹ ተሸንፈው ሲሄዱ እሱ ከፊልም ማሳያዎቹና ከአሮጌ ካሜራው ጋር ጎንደር ቀረ። ቀኛዝማች ልጅ የላቸውም፤ «ስሞት ማን ያወጣልኛል» ብለው ጥር ላይ የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ነው። ፊልሙ የሚታየው ያን ዕለት፣ ሕዝቡ በልቶ ሲጠግብ ነው።

ሊለዩኝ ሲሉ «የሚስትህ አባት ክንዴ የሚሉት የእንፍራንዙ ሰውዬ ነው አይደል?» አሉኝ። አዎ አልሁ። «ሸጋ ሰው ነው» አሉ። ለተዝካሩ ሊጠሩት አስበው ይሆናል።

ጥቅምት 20

ቀኑን ሙሉ የቀኛዝማችን አፍ ስጠብቅ ዋልሁ። የሰው ሕይወት እንዴት እንደሚጻፍ የማውቀው አንድ መንገድ ነው፤ ገድል። አባቴ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የቅዱሳንን ገድል ሲገለብጡ ቀለም እየበጠበጥሁ ነው ያደግሁ። ጻድቁ በድህነት ይወለዳል፣ ይፈተናል፣ ጠላት ይነሣበታል፣ ጠላቱን ድል ነሥቶ ይምረዋል፣ ከዚያ ቃል ኪዳን ይቀበላል። ቀኛዝማችንም በዚሁ ልክ ሰፋኋቸው። ድህነቱ አለ። ፈተናውም የሊማሊሞ ገደል ነው። ለቃል ኪዳኑ አራት ማኪናና አንድ ማዕረግ አለን። የጎደለው ጠላት ነበር።

«እሱም አለልህ» አሉ። «ጣሊያን እንደ ወጣ ከአንድ ሰው ጋር ሸሪክ ሆኜ በበቅሎ አዲ አርቃይ እየወረድሁ እነግድ ነበር። አንድ ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ ሰባቱንም በቅሎ ፈትቶ ሸጣቸው። ሽፍታ ወሰደብን አለኝ።»

«ማነው ሰውየው?»

«ክንዴ ነዋ! አማትህ።»

ብዕሬ ትንሽ ቆም አለ። ከዚያ ጻፈ።

በአዲ አርቃይ መንገድ ያረጀ ነጋዴ ሁሉ የሚያወራው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የተኙት አያ ክንዴ፣ በቅሎዎቹን የፈታው በላቸው። ሚስቴ ይመኙሽም ከልጅነቷ የሰማችው ይህንኑ ነው። አያ ክንዴ ራሳቸው አንድ ቀን እንኳ ሲያነሡት አልሰማሁም። በደሉን ያልተናገረ ሰው ምን ይደረግለታል? እኔም እዚያ አልነበርሁም።

ጥቅምት 28

ካርሎ ተጨንቋል። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም። «ሕዝቡ ክፉውን ሰው ከደጉ በምን ይለያል?» አለኝ። ሳቅሁበት። ደብራችን ወስጄ ግድግዳውን አሳየሁት። ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ይሁዳ፣ የአይሁድ ጭፍሮች፣ ሰይጣን፣ ሁሉም ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ጎንደር ውስጥ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። ካርሎ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አጉረምርሞ በደብተሩ ነደፈው። ለጨዋታ ያህል ነው ያሳየሁት።

ኅዳር 4

ቀኛዝማች አያ ክንዴ ራሳቸው ሌባውን ሆነው እንዲነሡ ይፈልጋሉ። «ሌላ ሰው ብናደርግ አይሻልም?» አልሁ። «ሕዝቡ የሚያውቀውን ፊት ካላየ አያምንም» አሉ።

በሰባቱ በቅሎ ካሣ ፈንታ የአያ ክንዴን ርስት ይገባኛል ብለው ለካ ነሐሴ ላይ ከሰዋል። እኔ ዛሬ ነው የሰማሁ። አማቴ ለፊልሙ ከተነሡ ክሱ ይነሣል። እኔን ደግሞ የቤታቸው አዛዥ ሊያደርጉኝ ነው። አዛዥ ሐብተ ማርያም! የመሪጌታ ልጅ ቆሎ ለምኖ የተማረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔ ገና አልተሾምሁም፣ ከአሁኑ ይቆጨኛል።

ለአያ ክንዴ የሚበጅ ነገር ነው። ክሱ ይነሣላቸዋል። ለእሳቸው ብዬ ነው።

ኅዳር 9

እንፍራንዝ ወረድሁ። አያ ክንዴ አውድማ ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ መንሹን ጣል አድርገው እየሮጡ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ ይመኙሽ ታመመችብህ?»

«ደኅና ናት አያ።»

ስለ ፊልሙ ነገርኋቸው። ሲኒማ አይተው አያውቁም።

«ታዲያ እኔ ምን ልሆን ነው?»

«ሌባ።»

ሳቁ። «ምነው፣ ሌባ ጠፍቶ ነው? ጎንደር ሙሉ አይደል እንዴ!»

«ጨዋታ እኮ ነው። ቀኛዝማች ክሱን ያነሡልዎታል። በተዝካራቸው ቀን በሕዝብ ፊት ይቅር ይሉዎታል።»

«ምን አድርጌ ነው ይቅር የሚሉኝ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። «ይቅር የሚባል ሰው የግድ በድሎ ነው? እኛስ በየጸሎታችን ይቅር በለን እንል የለ?» አልኋቸው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለእንዲህ ያለ ቀን ይጠቅማል።

ገለባ ከጋቢያቸው ላይ ለቀሙ። ከታች የምንጩ ውሃ ይሰማል። ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ውሃ ነው፤ ቀኛዝማች የውሃ ወፍጮ ሊተክሉበት እንደሚመኙ አገር ያውቃል።

«አንተ ከጻፍኸው ክፉ አይሆንም» አሉ በመጨረሻ። «የተማረ ልጅ ሰጥቶኛል እግዜር።»

መንገዱን ሁሉ ተናድጄ ተመለስሁ። እንዲህ የሚያምን ሰው ያናድዳል። ትንሽ ቢጠራጠሩኝ ምናለ?

ኅዳር 26

ዛሬ በፊልሙ ያለው የሠርግ ግብዣ ተነሣ። ችግረኞች ከገበያ ተሰብስበው ነጭ ልብስ ተከራይቶላቸው ተቀመጡ። ጾም ስለ ገባ ሥጋውን አኝከው እንዲተፉ ታዘዙ። አንዲት አሮጊት ዋጠች። ቄሱ አይተው ንስሐ ጣሉባት። «አፌ ነው የዋጠው አባቴ፣ እኔ አልዋጥሁም» ብላ አለቀሰች። ቀኛዝማች እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጌታ ሲስቅ ብቻውን አይተውም።

ታኅሣሥ 3

ዛሬ የስርቆቱ ትርኢት ነበር። ዳገቱ ላይ ሰባት በቅሎ ታሰረ። የቀኛዝማች ሾፌር የሻው ወጣቱን በላቸውን ሆኖ ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። ፀሐይ ነበር፤ ካርሎ «ሌሊት አስመስዬ አወጣዋለሁ» አለ።

አያ ክንዴ መስረቅ አልቻሉም። በቅሎዎቹን መጀመሪያ ግንባራቸውን ያሻሹላቸዋል፤ ከዚያ ገመዱን ሰው እንደሚፈታው በእርጋታ ይፈቱና ቀና ብለው ይሄዳሉ። «ሌባ እንዲህ አይደለም!» ይጮኻል ካርሎ። አምስት ጊዜ ተደገመ። ቀኛዝማች ከጃንጥላቸው ሥር እኔን ማየት ጀመሩ።

ሄጄ አሳየኋቸው። ጎንበስ ማለት እንዲህ፣ ወደ ተኛው መለስ ብሎ ማየት እንዲህ፣ ገመዱን ሳያንኳኩ በጥርስ መፍታት እንዲህ፣ በቅሎዋ እንዳታናፋ አፍንጫዋን ማፈን እንዲህ። አያ ክንዴ በጥሞና አዩኝ።

«ልጄ፣ ይኸን ከየት ተማርኸው?»

የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ምን ያስቃል? በስድስተኛው ልክ እኔ እንዳሳየኋቸው አደረጉት። ካርሎ ከጎናቸው አነሣቸው። ፀሐይዋ እንዲያ ስለምትመች ይሆናል፤ አልጠየቅሁትም።

ሲያልቅ አያ ክንዴ በቅሎዎቹን እየዞሩ አንድ በአንድ «አይዟችሁ፣ ጨዋታ ነው» ሲሏቸው ሰማሁ።

ታኅሣሥ 6

ፊልሙ በየሻው ማኪና አስመራ ሄደ። እዚያ ታጥቦ ይመጣል።

ይመኙሽ፦ «አባቴን ምን አስደረጋችሁት?» ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

ጥር 3

ፊልሙ መጣ። ከካርሎ ጋር ብቻችንን አየነው። የአያ ክንዴ አንድ ዓይን ግድግዳውን ሞላው። ደብራችን ያለው ይሁዳ ከዚህ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ቀለሙ ለቋል።

እንዲቆረጥ ልናገር ነበር። ነገ እናገራለሁ።

ጥር 4

አልተናገርሁም። ቀኛዝማች ሥራ በዝቶባቸዋል።

ጥር 12

ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ስንወርድ ስንወጣ ከረምን። ዛሬ ከቀኛዝማች ኋላ ስሄድ ከዳኛው ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«የእንፍራንዝ ርስት እኮ ለባዕድ አይሰጥም፤ የዘር መሬት ነው» ይላሉ ዳኛው።

«ባዕድ ማን አለ?» አሉ ቀኛዝማች። «የሰውየውን ልጅ ያገባው የኔ ሰው ነው። በሚስቱ በኩል ባለ ርስት ነው። በስሙ ይጻፋል። ወፍጮው የማን እንደሆነ ውሃው አይጠይቅ!»

ስለ ማን እንደሚያወሩ እርግጠኛ አይደለሁም። ጎንደር ብዙ ሰው አለ፣ እንፍራንዝም ብዙ ርስት።

ጥር 18

መተኛት አልቻልሁም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ተዝካሩ ወጣ። ካህናቱ በሉ፣ ችግረኛው በላ፣ ሀገሬው ጠላውን ጠጣ። ሲመሻሽ በግቢው አጥር ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ። አያ ክንዴን ቀኛዝማች ራሳቸው እጃቸውን ይዘው ከፊት አስቀመጧቸው። አዲስ ጋቢ ለብሰው ነበር። ደስ ብሏቸዋል፤ «ይመኙሽ፣ ነይ ከኔ ጋር ተቀመጪ» እያሉ ይጣራሉ።

እኔ ከአቡጀዲው አጠገብ ቆሜ በፋኖስ አነበብሁ። ድምፄ ጥሩ ነው፤ በቅዳሴ የሠለጠነ። የቀኛዝማች ድህነት ሲታይ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። የሻው ድንጋይ ተንተርሶ ሲተኛ «እሰይ የኔ ምስኪን» አለች አንዷ። ከዚያ አያ ክንዴ መጡ፤ ጎንበስ ብለው፣ ከጎን፣ በአንድ ዓይን።

እኔ ገና ሳላነብ ግቢው ሁሉ «እ!» አለ። አንዲት ባልቴት አማተበች። «ይሁዳ!» ሲል ሰማሁ አንድ ሰው። ከወረቀቱ «እንጀራ የቆረሰለትን ወዳጁን ካደው» የሚለውን አነበብሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ገመዱን በጥርሳቸው ሲፈቱ ሰዉ ተነሣ፤ አቡጀዲው ላይ ድንጋይ የወረወረም ነበር።

ከዚያ ሁሉም ከአቡጀዲው ወደ ሰውየው ዞረ። አያ ክንዴ ግን አፋቸውን ከፍተው በቅሎዎቹን ነበር የሚያዩት። «አየሻት ዳልቻዋን?» አሉ ለልጃቸው። «እንዴት ያለች ሸጋ በቅሎ ናት!» ከኋላቸው ያሉት ቦታቸውን ለቀው ራቁ። ያኔ ዞር አሉና የሕዝቡን ፊት አዩ።

በፊልሙ መጨረሻ ቀኛዝማች ሌባውን ይቅር ይላሉ። እልልታው አስፈሪ ነበር። ቀኛዝማች ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ነፍሱን በእውነትም ይቅር ብየዋለሁ» አሉ። «የበቅሎዎቼን ነገር ዳኛ ያውቃል።»

ክሱ አልተነሣም ማለት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሁለት ክንዱ ተሸክሞ ወደ ወንዙ ያወረዳቸው ማነው ቢሉ፣ እኔ እንጃ። እኔ የጻፍሁ ብቻ ነኝ።

ጥር 20

ይመኙሽ ልብሷን በቦርሳ ከተተች። አባቷ እንፍራንዝ ገበያ ቢወርዱ ሴቶቹ ዕቃቸውን ከፊታቸው እንደሰበሰቡ ሰምታለች። ልጆች በመንገድ አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው ይከተሏቸዋል አሉ።

«ካርሎ ነው እንዲያ ያነሣቸው» አልኋት። «የፀሐይዋ ነገር ነው።»

«ካርሎ ፈረንጅ ነው» አለች። «የኛን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ማን አስተማረው?»

ስድስት ዓመት ስንኖር አንቱ ነበር የምትለኝ። ከደጃፉ ዞር ብላ «አንተ ይሁዳ እንኳ አልሆንህም፤ እሱ ኋላ ገመድ ፈልጎ ነበር» ብላኝ ወጣች።

አዎ፣ ከጎን ያዘው ያልሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልሁት። ቀስ ብዬ።

የካቲት 3

ዳኛው ነገሩን በሽማግሌዎች አስመረመሩት። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ማሩ ናቸው፤ ሐሰት የማይወዱ ሰው። ቀኛዝማች ምስክር ተጠየቁ። ሃያ ሦስት ሰው ተነሣ። ሁሉም እየማለ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ። የት አየህ ሲባል «አቡጀዲው ላይ» ይላል። ማንም አልሳቀ።

አያ ማሩ ወደ አያ ክንዴ ዞሩ።

«ያ የታየው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በቅሎዎቹን የፈታህ አንተ ነህ?»

«ፍታ አሉኝ፣ ፈታሁ።»

«ይኸው አመነ!» አለ ሕዝቡ።

አያ ማሩ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና እኔን ጠሩኝ። «ልጄ፣ አንተ የመሪጌታ ልጅ ነህ። የጻፍኸው እውነት ነው ወይስ ተረት? የምትለንን እናምናለን።»

አያ ክንዴ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው በራ። አሁን ልጄ ይናገርልኛል የሚል ፊት ነው። ቀኛዝማች ከዘራቸውን ያሽከረክራሉ። አዛዥነቱ ከትናንት ወዲያ ጸድቆልኛል፤ ካባውም ተሰፍቷል።

«ቀኛዝማች የነገሩኝን አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌአለሁ» አልሁ።

ይህ ሐሰት አይደለም። ደግሜ ደጋግሜ አሰብሁት፤ ሐሰት የለበትም። አያ ማሩ ግን «እንግዲህ አለቀ» አሉና ጋቢያቸውን አጣፉ። አያ ክንዴ አልተቆጡም። እኔን ማየት ብቻ ተዉ።

የካቲት 4

ካባው ትከሻው ላይ ይሰፋኛል። ይጠበብልኝ ብዬ መለስሁት።

የካቲት 19

ተፈረደ። ርስቱ በካሣ ከአያ ክንዴ ተነሥቶ፣ ከዘር እንዳይወጣ በሴት ልጃቸው ባል በሐብተ ማርያም ወልደ ዮሐንስ ስም ተጻፈ። ምንጩን ለወፍጮ ለቀኛዝማች ፈርሜ ሰጠሁ። ጎጆዋንና ጓሮዋን ብቻ ለአያ ክንዴ እንዲተዉላቸው እኔ ለመንሁ። ይህንንም ሰው ይወቅልኝ፤ የለመንሁ እኔ ነኝ።

ቀኛዝማች «ሁለተኛ ፊልም እንሠራለን» ይላሉ። «የልጅነቴ ቀርቷል።»

መጋቢት 5

ዛሬ ወሰን ለመረከብ እንፍራንዝ ወረድሁ። እንደ ደንቡ ወሰን የሚያመለክት ነዋሪ ያስፈልጋል። ጎረቤቶቹ አንድም አልመጡ። ርስቱን ጥግ በጥግ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ አያ ክንዴ መጡ። ይመኙሽ ከጎጆው ደጃፍ ሽንብራ ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም።

በጾም ከስተዋል። በትራቸውን ተደግፈው ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። በየድንጋዩ ይቆማሉ፤ «ይኸ አንድ»፣ «ከዚህ እስከ ወይራዋ»፣ «ከወይራዋ ወደ ታች»። እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። እንዲሰድቡኝ ስጠብቅ ዋልሁ። የሚሰድብ ሰው ይቀላል።

ከመጨረሻው ድንጋይ ደረስን። ደብተሬን አጥፌ ልሰናበት ስል አያ ክንዴ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ወረዱ። ተሻገሩ። ከማዶ በቁጥቋጦ የተሸፈነች፣ ለአንድ ጥንድ በሬ ግማሽ ቀን የማትሞላ ቁራጭ መሬት አለች። በፍርዱ አልተጻፈችም። ዳኛውም፣ ቀኛዝማችም፣ ይመኙሽም አያውቋትም። እዚያ መካከል ቆመው በትራቸውን ተከሉ።

«ይችም ከርስቱ ናት» አሉ። «አባቴ ነው የመነጠራት። ጻፋት።»

«አያ፣ እሷ እንኳ ለእርስዎ ትቅር። ማንም አያውቃት።»

ያን ጊዜ ከየካቲት ሦስት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ።

«እኔ አውቃት የለም ወይ?» አሉ። «ደብቄ ባስቀራት እኮ ሌባ መሆኔ ነው።»

ጻፍኋት።